አንድ ሐይቅ ይዞ ጂኦግራፊን ማጥናት፦ ከካርታው እስከ ገበሬው ማሳ

ጂኦግራፊ የደረሰው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ተመርቀህ ምን ልትሆን?» የሚል ነው። ጠያቂው አይፈረድበትም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ጂኦግራፊ የተራራ ከፍታና የወንዝ ርዝመት መሸምደድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። አፈር ለብቻ፣ አየር ንብረት ለብቻ፣ ሕዝብና አሰፋፈር ለብቻ፣ ጂአይኤስ (ካርታንና የቦታ መረጃን በኮምፒውተር መሥራት) ለብቻ ይሰጣል። ተማሪው ሁሉንም ኮርስ ያልፋል። ኮረብታ ላይ አቁመው «እስቲ ከታች የምታየውን አገር አስረዳን» ቢሉት ግን ይጠፋበታል።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ክፍሉ በአብዛኛው «ጂኦግራፊና የአካባቢ ጥናት» ይባላል። ተፈጥሮን፣ ሰውንና ነገን አንድ ላይ እንድናይ ነው ሐሳቡ። ይህን ለመማር ከሁሉ የሚሻለው መንገድ አንድ ቦታ ይዞ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ነው እላለሁ። ከየኮርሱ የተማራችሁትን እዚያው ቦታ ላይ ሞክሩት። እኔ የምመርጠው ሐይቅ ነው። ገበሬው ያረሰው፣ ፋብሪካው የሳበው፣ ከተማው የለቀቀው፣ ዞሮ ዞሮ ሐይቁ ላይ ይታያል።

ከታች ያለው አካሄድ ለመመረቂያ ጽሑፍም፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የክበብ ሥራም፣ በራሱ ፍላጎት ለሚማር ሰውም ይሆናል። ለምሳሌ የማነሳቸው ሦስት ሐይቆች ናቸው፦ አብጃታ፣ በሰቃና ሐሮማያ። አንዱ እየሸሸ ነው፤ አንዱ እየሰፋ ነው፤ አንዱ ደርቆ ተመልሷል።

1. ቦታውንና ጥያቄውን መምረጥ

«የአየር ንብረት ለውጥ በኢትዮጵያ» ጥያቄ አይደለም። ስንት ዓመት ቢሠሩበት አያልቅም። ጥያቄያችሁ ቦታ፣ ጊዜና ሰው ይኑረው። እንዲህ ዓይነቱ ይሠራል፦ «አብጃታ ባለፉት 40 ዓመታት የሸሸው በምን ምክንያት ነው? በዚህ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ?»

ሦስቱን ሐይቆች ባጭሩ እናስተዋውቅ። አብጃታ በስምጥ ሸለቆ፣ በአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። መውጫ የለውም። ውሃ የሚያገኘው በዋናነት ከዝዋይ (ደንበል) በሚመጣው የቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ በሚመጣው ሆራ ከሎ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከነበረው ስፋት ግማሽ ያህሉን አጥቷል። በሰቃ መተሃራ አጠገብ፣ ከፈንታሌ ተራራ ሥር ይገኛል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥቂት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። የሸንኮራ ማሳ፣ የግጦሽ መሬት፣ መንገድና የባቡር ሐዲድ ላይ ደርሷል። ሐሮማያ ደግሞ በምሥራቅ ሐረርጌ ነው። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲያቀርብ ኖሮ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ይዟል።

እነዚህ ሩቅ ከሆኑባችሁ ችግር የለም። የሰፈራችሁ ግድብ ወይም ኩሬ ይበቃል። እንዲያውም ደጋግማችሁ የምትሄዱበት ቦታ ይሻላል። የትራንስፖርት ወጪ የስንቱን ጥናት መንገድ ላይ አስቀርቷል።

2. ተፋሰሱን በእጅ መሳል

ሐይቁን ብቻውን አትዩት። ሐይቁ ማለት ተፋሰሱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወደ ሐይቁ ውሃ የሚልከውን መሬት ሁሉ ድንበሩን ማግኘት ነው።

1:50,000 የቶፖግራፊ ካርታ ፈልጉ። በድሮው የካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተሙትን ብዙ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ታገኛላችሁ። ሥራው ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው። በዚህ ካርታ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙት ኮንቱር መስመሮች የሚሄዱት ብዙ ጊዜ በየ20 ሜትር ከፍታ ልዩነት ነው። ተጠጋግተው ካያችሁ ገደል ወይም ቁልቁለት ነው፤ ተራርቀው ካያችሁ ሜዳ ነው። መስመሩ ወንዝ ሲያቋርጥ ጫፉ ወደ ላይኛው ተፋሰስ ይቀሰራል።

አሁን እርሳስ አንሡ። ከሐይቁ ተነሥታችሁ ገባር ወንዞቹን እስከ ጫፋቸው በሰማያዊ ተከተሉ። ቀጥሎ በወንዞቹ ጫፍ ዙሪያ ያለውን የጋራ ጫፍ በቀይ አያይዙ። አንድ ጠብታ ዝናብ እዚህ ቢወድቅ ወዴት ይፈሳል እያላችሁ ነው የምትሄዱት። ሶፍትዌር ይህን በሁለት ደቂቃ ይሠራል። እኔ ግን መጀመሪያ በእጅ ይሠራ ባይ ነኝ። በእጁ የሳለ ተማሪ ሶፍትዌሩ ሲሳሳት ያውቃል።

ካርታው ብዙ ይናገራል። አብጃታና ሻላ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለቱም መውጫ የላቸውም። አንዱ ሲሸሽ ሌላው ብዙ የማይለወጠው ለምንድን ነው? ኮንቱሩን እዩት። ሻላ ዙሪያው ገደል የሆነ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ነው፤ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር ይበልጣል። አብጃታ ግን እንደ ትሪ ዝርግ ነው። ሻላ አንድ ሜትር ቢወርድ ዳርቻው ላይ ብዙም አይታወቅም። አብጃታ አንድ ሜትር ቢወርድ ዳርቻው በጣም ርቆ ይሸሻል።

አንድ ቴክኒካዊ ማስጠንቀቂያ። አሮጌዎቹ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል የቦታ ልኬት መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ናቸው። ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ ግን ደብሊውጂኤስ 84 የሚባል ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ሳታስተካክሉ ብታነባብሯቸው ነጥባችሁ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ሐሮማያ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ አከፋፈል የዞን 37 እና 38 ድንበር አካባቢ መሆናችሁን እወቁ።

3. ከሰማይ ወደ ኋላ ማየት

ይህ ክፍል ተማሪ የሚወደው ነው፤ ነጻም ነው። ጉግል ኧርዝ ፕሮን ኮምፒውተር ላይ ጫኑና የሰዓት ምልክቷን ተጫኑ። ምስሎቹ በዓመት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በሰቃ ላይ ይህን ብታደርጉ ውሃው ዓመት በዓመት ሲሰፋ ታያላችሁ። ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል።

ለቁም ነገሩ ግን ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስል ያስፈልጋችኋል። የመጀመሪያዋ ላንድሳት ሳተላይት የመጠቀችው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። መረጃው ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም በነጻ ይሰጣል። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት ምስሎች አንድ ነጥባቸው 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሴንቲኔል 2 የሚባል የአውሮፓ ሳተላይት አለ፤ እሱ እስከ 10 ሜትር ያሳያል። ምስሎቹን ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ትከፍታላችሁ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በየ10 ዓመቱ አንድ ምስል ምረጡ፤ ሁሉም ከአንድ ወር ይሁኑ። ጥር ወይም የካቲት ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ደመናው አያሳይም። አንዱን ምስል ከመስከረም፣ ሌላውን ከግንቦት ወስዳችሁ ብታወዳድሩ የምታገኙት የወቅት ልዩነት እንጂ የዓመታት ለውጥ አይሆንም። ከዚያ የሐይቁን ዳርቻ በመዳፊት ዙሩና ስፋቱን በስኩዌር ኪሎ ሜትር አስሉ። ሠንጠረዥ ውስጥ አስገቡት። ጥልቀት በሌለው የአብጃታ ዳርቻ ላይ ነጭ የሶዳ ቅርፊትና እርጥብ ጭቃ ስላለ ውሃው የት እንደሚያበቃ ያሳስታል። መለያ ደንብ አውጡና በሁሉም ምስል ላይ ያንኑ ተጠቀሙ።

ሐይቁን ብቻ አትለኩ። በዙሪያውና ከላይ ያለውን የመሬት አጠቃቀምም መዝግቡ። የመስኖ እርሻ የት ጀመረ? ፕላስቲክ ቤቶቹ መቼ ብቅ አሉ? ዝዋይ አካባቢ የአበባ እርሻዎቹ ከሰማይ ነጭ ሆነው ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

4. ዝናቡን ከመክሰስ በፊት መቁጠር

ሐይቅ ሲቀንስ ሁሉም ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል። «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። የአየር ንብረት ለውጥ የለም እያልኩ አይደለም። ግን ቆጥሮ መናገር አለ።

የዝናብ መረጃ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። ጣቢያው ብዙ ጊዜ የጎደሉ ወራት ይኖሩታል። ለማሟያ ቺርፕስ የሚባል ከሳተላይትና ከጣቢያ ተቀላቅሎ የተሠራ መረጃ አለ። ከ1981 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፤ ነጻ ነው። የዓመቱን ድምር በግራፍ ሥሩና ከሐይቁ ስፋት ጋር አስተያዩት።

ቀጥሎ የውሃ ሒሳብ ሥሩ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የገባ ሲቀነስ የወጣ። መውጫ ለሌለው ሐይቅ የሚገባው ዝናብ፣ ወንዝና የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የሚወጣው ደግሞ ትነት፣ የሚሰርገውና ሰው የሚስበው ነው። አብጃታ አካባቢ በዓመት የሚተነው ውሃ ከሚዘንበው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሐይቁ በራሱ ላይ በሚወርደው ዝናብ መኖር አይችልም። የሚኖረው በወንዞቹ ነው።

በቁጥር እንየው። የትነትና የዝናቡ ልዩነት በዓመት 1.2 ሜትር ነው ብለን እንነሣ። ሐይቁ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ባለበት ለመቆየት ብቻ በዓመት 120 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ከወንዝ መግባት አለበት። ከዝዋይ፣ ዝዋይን ከሚመግቡት ከመቂና ከቀታር ወንዞች፣ ከራሱም ከቡልቡላ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ ከዚህ ላይ ነው የሚቀነሰው። በዳርቻውም የሐይቁን ውሃ ስቦ ሶዳ አሽ የሚባል የኢንዱስትሪ ጨው የሚያወጣ ፋብሪካ ተተክሏል። አብጃታ የሰንሰለቱ መጨረሻ ነው፤ ከላይ የሚሳበው ሁሉ እሱ ላይ ይደመራል።

አሁን ወደ በሰቃ ዙሩ። ያው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ትነቱም ከባድ ነው። ሐይቁ ግን ሰፋ። ተመራማሪዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች መካከል ከመስኖ ማሳ ሰርጎ የሚመለስ ውሃ፣ የከርሰ ምድር ውሃ መጨመርና የፍል ውሃ ምንጮች ይገኙበታል። የትኛው ምን ያህል እንደሚመዝን እስካሁን ይከራከራሉ። ለተማሪ ይህ ጥሩ ነገር ነው። «ሙቀት ጨመረ፣ ሐይቅ ቀነሰ» የሚለውን ቀላል ታሪክ በሰቃ አይቀበለውም። የቦታው ነገር ይወስናል።

5. በእግር መሄድ

ካርታው ላይ ከተፋሰሱ ጫፍ እስከ ሐይቁ ዳርቻ አንድ መስመር አስምሩ። ከዚያ እሱን ተከትላችሁ ሂዱ። ከላይ ወደ ታች ይሻላል፤ ለእግርም፣ ለነገሩም። ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ ይዛችሁ ትወርዳላችሁ።

ከፍታው ሲለወጥ አገሩ ይለወጣል። የለመድነው አከፋፈል እዚህ ይጠቅማል፦ ከ2300 ሜትር በላይ ደጋ፣ ከ1500 እስከ 2300 ወይና ደጋ፣ ከዚያ በታች ቆላ። ገብስና ባቄላው የት አበቃ? ጤፉ የት ጀመረ? ግራሩ የት መጣ? ነገር በተለወጠ ቁጥር ቁሙና አምስት ነገር ጻፉ፦ ቦታው በጂፒኤስ፣ ተዳፋቱ፣ አፈሩ፣ የተዘራው ወይም የበቀለው፣ ውሃ ያለበት ሁኔታ። ፎቶ አንሡ። የፎቶውን ቁጥር ከማስታወሻው ጎን ጻፉ፤ ማታ ላይ ሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት ሆኖ ነው የሚታየው።

አፈሩን በእጃችሁ ፈትኑ። ጭብጥ አፈር በውሃ አርጥባችሁ በጣቶቻችሁ መካከል ግፉት። ረጅም ጥብጣብ ሆኖ ከወጣ ሸክላ ይበዛዋል፤ ዋልካ እንደዚህ ነው። ከተፈረካከሰና ጣት ላይ ከሻከረ አሸዋ ይበዛዋል።

ቦረቦር ስታገኙ አትለፉት። ስፋቱንና ጥልቀቱን በሜትር ለኩ። አጠገቡ ያለ ዛፍ ሥሩ አየር ላይ ወጥቶ ከሆነ፣ ከላይኛው ሥር እስከ አሁኑ መሬት ያለውን ርቀት ለኩ። ዛፉ ከበቀለ ወዲህ የታጠበውን አፈር በግምት ይነግራችኋል። የዛፉን ዕድሜ ባለቤቱ ያውቃል። ከቦረቦሩ በታች ደግሞ ደለሉ የት እንደተኛ ፈልጉ። የሐሮማያ ታሪክ ግማሹ እዚህ ጋ ነው። ሐይቁን የጎዳው የተሳበው ውሃ ብቻ አይደለም። ከተራቆቱት ኮረብቶች የታጠበው አፈርም ሞላው።

የወንዙን ፍሰት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ ቦታ ፈልጉና 10 ሜትር ለኩ። ብርቱካን ወይም የእንጨት ቁራጭ ወደ ውሃው ጣሉና ስንት ሰከንድ እንደወሰደበት ያዙ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ወንዙ 2 ሜትር ስፋትና በአማካይ 0.3 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው የውሃው መስቀለኛ ስፋት 0.6 ስኩዌር ሜትር ነው። ብርቱካኑ በ20 ሰከንድ ከደረሰ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው። ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.85 አባዙት። ውጤቱ በሰከንድ 255 ሊትር ያህል ይሆናል። ከመስኖ መሳቢያው በላይና በታች ብትለኩ ደግሞ ምን ያህል እንደተወሰደ በራሳችሁ ቁጥር ታያላችሁ።

ክረምት ላይ ግን ወንዝ ውስጥ አትግቡ። ከላይ የዘነበ ዝናብ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሳለ ድንገት ሊመጣ ይችላል። ዝግ ብሎ የሚሄድ ውሃ ውስጥ ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ፤ ቦቲ አድርጉ። አዞና ጉማሬ ያለበትን ቦታ የአካባቢው ሰው ሳይነግራችሁ ወደ ዳርቻ አትጠጉ።

6. ሰው ማነጋገር

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው። ተማሪው 40 ጥያቄ የታተመበት ወረቀት ይዞ ይደርሳል። ሰውዬውን ከማሳው ላይ ያቆመዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይሞላል። መልሱ ሁሉ «አዎ፣ ችግር አለ» ይሆናል። እሱን ለማወቅ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

መጀመሪያ መንገዱን አስተካክሉ። ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ቀበሌ። የልማት ሠራተኛውን ወይም ሠራተኛዋን አግኙ፤ አካባቢውን እነሱን ያህል የሚያውቅ ባለሙያ የለም። ይሁንና ሁልጊዜ አብረዋችሁ ከሆኑ ሰው በነጻነት አያወራም። አስተዋውቀዋችሁ እንዲሄዱ በጨዋነት ጠይቁ። የጠቀስኳቸው ሦስቱም ሐይቆች አካባቢ የሕዝቡ ዋና ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። የማትችሉ ከሆነ ጥሩ አስተርጓሚ ያዙ፤ ጥያቄዎቹንም ቀደም ብላችሁ አብራችሁ እዩ።

አጨዳና ውቂያ ላይ ያለን ሰው አታስቁሙ። ከሆነም አብራችሁ እየሠራችሁ አውሩ። መጀመሪያ ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ። ገጠር ውስጥ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ወይ ግብር ሊጨምር ወይ እርዳታ ሊመዘግብ የመጣ ይመስላል። ግብር ከመሰለ መሬቱና ከብቱ ይቀንሳል፤ እርዳታ ከመሰለ ልጁ ይበዛል። «ተማሪ ነኝ፤ የምሰጠው ነገር የለኝም፤ ልማር ነው የመጣሁት» በሉ። ፈቃደኛ ካልሆኑ አመስግናችሁ ሂዱ። ስማቸውንም ጽሑፋችሁ ውስጥ አታስገቡ።

ጥያቄው ከቁጥር ይልቅ ከታሪክ ይጀምር። ለምሳሌ እንዲህ፦

— አባባ፣ ልጅ ሳሉ ውሃው እስከ የት ነበር?

— ያቺ ዋርካ ትታይሃለች? ከሥሯ ነበር ከብት የምናጠጣው።

— መቼ ነው መሸሽ የጀመረው?

— ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ነው። ሞተሩ ሲመጣማ ጨርሶ ሄደ።

እዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት መረጃ አለ። አንደኛ፣ ዋርካዋ ጋ ሄዳችሁ ጂፒኤስ መያዝና ከአሮጌው የላንድሳት ምስል ጋር ማመሳከር ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ ጊዜ አለ። የገጠር ሰው ዓመት የሚቆጥረው በትልልቅ ነገሮች ነው፦ የ66ቱ ድርቅ፣ የመሬት አዋጁ፣ የ77ቱ ድርቅ፣ ደርግ የወደቀበት። እነዚህን ቀድማችሁ በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል አስፍሩና ሰውየው «ከዚህ በፊት ነው ከዚህ በኋላ?» ተብሎ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የውሃ ሞተር የሚል ምክንያት አለ። ማን ነው ሞተር ያለው? ስንት ነው ኪራዩ? ማን ፈቀደ?

ስለ ዓመት ካነሣን፣ የቀን መቁጠሪያው ነገር ብዙ ሰው ይጥላል። ሰባ ሰባት ማለት 1977 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ከ1984 መስከረም እስከ 1985 መስከረም። በ1977 እ.ኤ.አ. የተነሣ የሳተላይት ምስል ላይ የሰባ ሰባቱን ድርቅ የሚፈልግ ተማሪ አይቀርም። ሠንጠረዣችሁ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር በሁለት ዓምድ ያዙ።

ሴቶችን ለብቻ አነጋግሩ። ባል ባለበት ስለ ውሃ ሲጠየቅ የሚመልሰው ባል ነው፤ የምትቀዳዋ ግን እሷ ናት። ከቤት እስከ ውሃው ስንት ሰዓት፣ በጀሪካን ስንት ምልልስ፣ ድሮስ? የሐይቅ መሸሽ በሰው ኑሮ ላይ ያመጣውን ከዚህ በላይ የሚለካ ቁጥር አላውቅም። አርብቶ አደር ባለበት ደግሞ እነሱንም ፈልጉ። መተሃራ አካባቢ የሸንኮራው እርሻ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲስፋፋ ከረዩዎች (የአካባቢው የኦሮሞ አርብቶ አደሮች) የአዋሽ ዳር የበጋ ግጦሻቸውን አጥተዋል። ይህን ሳያውቁ በሰቃ ሲሰፋ ለምን አንዳንዶች ከሌሎች በላይ እንደተጎዱ መረዳት አይቻልም።

7. «ዘላቂ» የሚለውን መፈተን

ዘላቂ ልማት የሚለው ቃል በየሪፖርቱ ስላለ ትርጉሙ ሳስቷል። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ሪፖርት ያስቀመጠው ሐሳብ የዛሬውን ፍላጎት የነገውን ትውልድ ሳይጎዱ ማሟላት ነው። ለመስክ ሥራ ግን ይህ ሰፊ ነው። እኔ ሦስት ጥያቄ አድርጌ እይዘዋለሁ፦ ለማን? እስከ መቼ? ወጪውን ማን ይሸፍናል?

ሐሮማያ ላይ ሞክሩት። ጫትና አትክልት በመስኖ ያለማው ገበሬ ገቢ አገኘ። ከትንሽ ማሳ ቤተሰብ ለማስተዳደር ጫትን የሚስተካከል ሰብል አካባቢው ላይ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ገበሬውን «ሐይቅ አደረቅህ» ብሎ መውቀስ ቀላል ግን ስንፍና ነው። እያንዳንዱ ሞተር ለባለቤቱ ትርፍ ነበር። ድምሩ ግን ሐይቅ አደረቀ፤ ሐረርም የመጠጥ ውሃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ለማምጣት ተገደደች። ውሃው ሲመለስ ጥያቄው አብሮ ተመልሷል። ማን በምን ደንብ ይሳብ?

የተሳካ ምሳሌም ፈልጉ። ኮንሶ በእርከን ሥራዋ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባለው ቀበሌ የተራቆተ መሬቱን ከልሎ፣ እርከንና ክትር ሠርቶ፣ የጉድጓዶቹ ውሃ ወደ ላይ እንዲመለስ በማድረጉ በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን ኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። እዚያ ሄዳችሁ የምትጠይቁት «ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ?» ብቻ አይሁን። ማን ይጠግነዋል? የተከለለው ቦታ ሣር ለማን ይታጨዳል? ከብቱስ የት ሄደ? ችግኝ ተከላም ላይ እንደዚሁ ነው። የተተከለውን መቁጠር ቀላል ነው፤ ከሁለት ክረምት በኋላ የጸደቀውን ቁጠሩ።

8. መጻፍና መመለስ

ጽሑፉ በ«እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ የብዙ ሐይቆች ባለቤት ናት» አይጀምር። በጥያቄያችሁ ጀምሩ። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ የሐይቁን ስፋት ግራፍ፣ የዝናቡን ግራፍ፣ ሰዎች የነገሯችሁን የጊዜ ቅደም ተከተል። ጥናቱ ያለው እነዚህ ሦስቱ በሚስማሙበትና በማይስማሙበት ቦታ ላይ ነው። ገበሬው «ዝናብ ጠፋ» ብሎ ግራፉ ዓመታዊ ድምሩ እንዳልቀነሰ ካሳያችሁ ገበሬውን ተሳስቷል አትበሉ። ምናልባት ድምሩ ያው ሆኖ አጀማመሩ ዘግይቶ፣ ወይም በጥቂት ቀን ወርዶ አልቆ ይሆናል። ለዘር ዋናው ይሄ ነው። ወርሃዊውን፣ ከተቻለም ዕለታዊውን ዝናብ አውጥታችሁ እዩ።

ካርታችሁ መለኪያ፣ የሰሜን ምልክት፣ መፍቻና የምስሉ ቀን ይኑረው። በነገራችን ላይ «ተመርቀህ ምን ልትሆን» ለሚለው ጥያቄ ከመልሶቹ አንዱ እዚህ ነው፦ ሳተላይት ምስል አንብቦ፣ መስክ ወርዶ፣ ከሰው ጋር ተነጋግሮ ካርታ የሚሠራ ሰው የውሃ ቢሮም፣ የመሬት አስተዳደርም፣ የእርዳታ ድርጅትም ይፈልገዋል።

በመጨረሻ ውጤቱን ወደመጣበት ውሰዱት። ሙሉውን ጽሑፍ ማንም አያነበውም። የቆየውንና የአሁኑን የሐይቅ ዳርቻ በሁለት ቀለም የሚያሳይ አንድ ትልቅ ካርታ በአካባቢው ቋንቋ አሳትሙና ለቀበሌው ስጡ። አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ይሁን። የመለካችሁባቸውን ነጥቦች፣ ቀንና ቁጥራቸውን በአንድ የኤክሴል ፋይል አድርጋችሁ ለትምህርት ክፍላችሁ አስቀምጡ። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ከዜሮ ሳይሆን ከእናንተ ዋርካ ይጀምራል።